አይጥ የበላው ልብስና ጥርሱ የተላጠ ቡሎን

ሞተር ብስክሌቱን ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ ያስገባ ሰው፣ ሲረከብ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጥርሱ ተላጦ ዘይት ሲንጠባጠብ ቢያገኘው የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። ባለንብረቱ «አበላሻችሁብኝ» ይላል፤ መካኒኩ «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ይላል፤ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይጠቀሳል፤ ድርጅቱ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም። ማስታወቂያው ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ሥርዓት ይመስላል። የሕግ ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። ዕቃ ተረክቦ በዋጋ የሚሠራ ባለሙያ፣ ዕቃው በእጁ ሳለ ለደረሰበት ብልሽት መልስ የመስጠት ግዴታው ከሞተርም ከጋራዥም እጅግ የቆየ ነው። እንግዳው ማስታወቂያው ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ባቢሎንን የገዛው ሐሙራቢ ሕጉን ያስቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ቆሞ ይታያል። በዚያ ዘመን ሰውና ጭነት የሚጓጓዘው በአህያ፣ በበሬና በጀልባ ነበርና ሕጉም ስለ እነዚሁ ይደነግጋል። የሠራው ጀልባ በዓመቱ ውስጥ ጉድለት የታየበት ባለሙያ በራሱ ወጪ አፍርሶ፣ አጠንክሮ መልሶ ይሠራዋል። በሬ ወይም አህያ ላይ ከባድ ቀዶ ሕክምና አድርጎ የገደለ ሐኪም ግን የሚከፍለው ከእንስሳው ዋጋ የተወሰነውን ክፍል ብቻ ነው። ልዩነቱ በዘፈቀደ የመጣ አይመስለኝም። ጀልባው ከሠሪው እጅ የወጣው አዲስ ሆኖ ነው፤ እንስሳው ግን ወደ ሐኪሙ የመጣው ታሞ ነው። አዲስ መሥራትና መጠገን በአንድ ሚዛን እንደማይለኩ ያኔውኑ ታውቆ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ በእነዚህ ድንጋጌዎች የባቢሎን ሕግ ይበልጥ የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ብልሽቱ እንዴት እንደደረሰ አያብላላም።

ይህን ያብላሉት የሮም ሕግ ዐዋቂዎች ናቸው። በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጋይዮስ፣ ልብስ አጣቢ ወይም ልብስ ሰፊ በክፍያ የተረከበው ልብስ ቢሰረቅ ሌባውን የሚከሰው አጣቢው ወይም ሰፊው ራሱ ነው ይላል፤ ለባለቤቱ ተጠያቂ እሱ ነውና። የሚከፍለው የሌለው ድሃ ከሆነ ግን ክሱ ለባለልብሱ ይሆናል። ከእሱ በኋላ የተነሳው ኡልፒያን ደግሞ አጣቢው ዘንድ አይጥ የበላውን ልብስ የአጣቢው ዕዳ ያደርገዋል፤ ከአይጥ መጠበቅ ነበረበትና። ለጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን የዕንቁው ነገር ነው። ሊቀረጽ የተሰጠ ዕንቁ ሲሰበር፣ ሰበቡ በድንጋዩ ውስጥ የነበረ ጉድለት ከሆነ ሠሪው ነጻ ነው፤ ሙያ ማነሱ ከሆነ ግን ይከሰሳል። ሙያ ማነስ ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ሥራውን የተቀበለው ዐውቃለሁ ብሎ ነውና አላወቅሁም ማለት አያድነውም። «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ለሚለው መካኒክ የተዘጋጀ መልስ ይህ ነው፤ እውነት ከሆነ ነጻ ያወጣዋል፣ ካልሆነ አያወጣውም።

በዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የስምምነት ነው። ባለንብረቱ ማስታወቂያውን እያየ ሞተሩን ካስገባ ተስማምቷል፣ ሮማውያንም ውል ያከብሩ ነበር ይባላል። እርግጥ ነው፤ ስለ ዕንቁው የሚናገረው ክፍል ራሱ ሠሪው አደጋውን በውል ሊሸከም እንደሚችል ይጠቅሳል። ነገር ግን ውል ያልቻለው ነገር ነበር። ሆን ብሎ ለሚሠራ ጥፋት አልጠየቅም የሚል ስምምነት በሮም ሕግ አይጸናም። ከዚያ በመለስ ላለው ቸልተኝነት በሩ ክፍት ነው ቢባል እንኳ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በጣት የሚጠቆም ወረቀትን ውል ለማለት ይከብዳል። ሌላው ተቃውሞ የትንሹ መካኒክ ነው። የአንድ ሞተር ዋጋ ሱቁን ሊያዘጋው ይችላል፤ ይህም ከባድ ነገር ነው፣ ጋይዮስም የድሃውን አጣቢ ነገር ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን መክፈል አለመቻል ከተጠያቂነት ነጻ መሆን አይደለም፤ የክፍያው መጠንና ጊዜ በሽማግሌ ሊቀል ይችላል።

ወደ እኛም አገር ሐሳቡ በሁለት መንገድ ገብቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አልዐሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት የፍትሐ ብሔር ክፍሉን በከፊል የቀዳው ከቢዛንታይን፣ ማለትም ከሮም ወራሾች ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀበል ሰው ውጤቱን ለማስገኘት የሚገባው በራሱ ኃላፊነት እንደሆነ ይደነግጋል።

እንግዲህ የጎደለው ሕጉ ሳይሆን ማስረጃው ነው። ሽማግሌም ዳኛም ሞተሩ ሲገባ ምን ይመስል እንደነበር ካላወቁ ጉድለቱን ከስህተቱ መለየት አይችሉም። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው የተሽከርካሪ ጥገና ሕግ የያዘው ይህንኑ ነጥብ ነበር፤ ጠጋኙ ሥራ ሳይጀምር የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ደንበኛው አስቀድሞ ከጠየቀም የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይመልስለታል። መንገድ ዳር በአንድ የመፍቻ ሳጥን የሚሠራ ልጅ ይህን ሁሉ ወረቀት አይጽፍ ይሆናል። አሮጌውን ካንዴላ ወይም ቡሎን በጨርቅ ጠቅልሎ ለባለቤቱ መስጠት ግን ወረቀት አይጠይቅም፤ ከባለንብረቱ ሐሰተኛ ክስም መጀመሪያ የሚጠብቀው እሱን ራሱን ነው።