ራስ ታመመ፣ አንገት ተጠመዘዘ

ጊዜው በ1838 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት የሚኖር የአንድ ሰባኪ ልጅ ራሱን አመመው። ዕድሜው ወደ ዐሥር ዓመት ነው። የአባቱን የእርሻ ገመድ በሁለት ዛፎች መካከል አስሮ ዥዋዥዌ ሊጫወት ቢሞክርም ሕመሙ አላስችል አለው። ስለዚህ ገመዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀረው ድረስ አላላውና ብርድ ልብስ ጣል አድርጎበት፣ በጀርባው ተንጋሎ ማጅራቱን አስደገፈበት። በዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ራስ ምታቱ ጠፍቷል።

ልጁ አንድሩ ቴይለር ስቲል ነው። ታሪኩን የሚያጫውተን ራሱ ስቲል፣ ሐኪም ሆኖ ካረጀ በኋላ በ1897 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው። ራሱን ባመመው ቁጥር ወደ ገመዱ እየሄደ ለብዙ ዓመታት ሲገላገል እንደኖረም ይናገራል። ለመሆኑ ያዳነው ገመዱ ነው ወይስ እንቅልፉ? ስቲል ገመዱ ነው ባይ ነው። ማይግሬን የሚያሠቃየው ሰው ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቂት መተኛት ብቻውን እንደሚያሽር ያውቃል። ይህች ትንሽ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር ሁሉ ፍሬ ነገር ናት።

ስቲል በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሞቱበት። ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሞችም እያሉ፣ ማዳን የቻለ አልነበረም። በዚያ ዘመን የሐኪም ቦርሳ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካሎሜል የሚባለው የሜርኩሪ ቅመምና ሞርፊን ነበር፤ መድኃኒቱ ከበሽታው የሚብስበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ስቲል ፊቱን ከመድኃኒት አዙሮ ወደ አጥንት ተመለሰ፤ በ1874 ኦስቲዮፓቲ ያለውን የእጅ ሕክምና ይፋ አደረገ።

ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከሚዙሪ በስተሰሜን ባለው በአዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዳቨንፖርት ከተማ ሌላ ሰው ብቅ አለ። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በካናዳ በ1845 ተወልዶ፣ አስተማሪም፣ ንብ አርቢም፣ ባለ ሱቅም ሆኖ ከሠራ በኋላ በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ብሎ ክፍል ተከራይቶ ነበር። መስከረም 18 ቀን 1895 የሕንፃውን የጽዳት ሠራተኛ፣ ሃርቪ ሊላርድ የሚባለውን ጥቁር አሜሪካዊ አስተኝቶ ጀርባውን ገፋው። ሊላርድ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ጀርባው ውስጥ አንድ ነገር «ቋ» ካለ ወዲህ 17 ዓመት ጆሮው አይሰማም ነበር። ፓልመር እንደሚለው ከቦታው የሸሸ የአከርካሪ አጥንት አግኝቶ መለሰውና ሰውየው መስማት ጀመረ። የሊላርድ ልጅ በበኩሏ ቆይታ የተናገረችው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላለዱ ፓልመር አባቷን በመጽሐፍ ጀርባውን መታው፣ መስማቱ የተሻለውም ከቀናት በኋላ ነው ትላለች። የትኛውም ይሁን፣ የመስማት ነርቭ ከጆሮ ተነሥቶ የራስ ቅል ውስጥ የሚቀር እንጂ በአከርካሪ በኩል የሚያልፍ አይደለም።

ፓልመርን ይህ አላሳሰበውም። በሽታ ሁሉ ከመቶ 95 እጁ የሚመጣው ከቦታው በተዛነፈ የአከርካሪ አጥንት ነው አለ። አንድ ቄስ ወዳጁ ከግሪክኛ «በእጅ የሚሠራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት፦ ካይሮፕራክቲክ። አጥንት መመለስ እንግዲህ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ጥበብ ነው፤ አውሮፓም የራሷ ወጌሾች ነበሯት። ነገር ግን ወጌሻ ወለምታ ያሻል፣ ስብራት ያስራል፤ ድንቁርናንና የልብ ሕመምን ከጀርባ አጥንት አድናለሁ አይልም። የፓልመር አዲስ ነገር እጁ ሳይሆን ይህ የይገባኛል ጥያቄው ስፋት ነው።

በ1906 ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ ተፈረደበት። መቀጫ ከመክፈል መታሰርን መርጦ ወኅኒ ወረደ፤ ከ23 ቀን በኋላ ግን ከፍሎ ወጣ። ትምህርት ቤቱን የወረሰው ልጁ ቢ. ጄ. ፓልመር ከአባቱ የባሰ የንግድ ሰው ነበር። በ1910 ኤክስሬይ አስገባ፤ በ1922 የሬዲዮ ጣቢያ ገዛ (በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን በ1932 የስፖርት ዘጋቢነትን የጀመረው በዚሁ ጣቢያ ነው)፤ በ1924 ደግሞ የአንገትና የጀርባን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ለተማሪዎቹ እያከራየ ብዙዎቹን አስቀየመ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን በ1930ዎቹ ያደረገው ነው። ከአከርካሪው ሁሉ የመጀመሪያዋ፣ ራስ ቅልን የተሸከመችው የአንገት አጥንት ብቻ ትበቃለች አለ። ሕክምናው ከጀርባ ተነሥቶ ማጅራት ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ፣ በተሳሳተ ምክንያትም ቢሆን፣ ከአንድ እውነት አጠገብ ደርሶ ነበር። ከላይኞቹ ሦስት የአንገት አጥንቶች የሚመጡ ነርቮችና የፊትና የግንባርን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ በአንድ ሥፍራ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሚጋጠሙበት አካባቢ ይገናኛሉ። ሁለት ቤት በአንድ የስልክ መስመር ሲጠቀም እንደማለት ነው፤ አንጎል ማን እንደደወለ ይሳሳታል። የታመመው አንገት ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከዓይን ጀርባ ይሰማል። በ1983 ኖርዌያዊው የነርቭ ሐኪም ኦታር ሻስታድ ይህን «ከአንገት የሚነሣ ራስ ምታት» ብሎ ራሱን የቻለ ስም ሰጠው።

በመሐሉ ትግሉ ሕግ ቤት ገብቶ ነበር። ካንሳስ በ1913 ለካይሮፕራክተሮች ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ስትሆን ሉዊዚያና በ1974 የመጨረሻዋ ሆነች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1963 አስመሳይ ሐኪሞችን የሚዋጋ ኮሚቴ አቋቁሞ አባላቱ ከካይሮፕራክተር ጋር እንዳይሠሩ ከለከለ። በ1976 አምስት ካይሮፕራክተሮች ከሰሱት። ከዐሥር ዓመት በላይ ከተንዛዛ በኋላ፣ በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ የፀረ ሞኖፖል ሕግ ጥሷል ሲሉ ፈረዱ። ካይሮፕራክተሮች ድሉን ለሕክምናቸው የተሰጠ ምስክር አድርገው አወጁት። ፍርዱን ያነበበ ግን ሌላ ያገኛል። ከሳሾቹ ሕክምናው ሳይንሳዊ ነው እንዲባልላቸው ይፈልጋሉ፤ ይህን የሚመልሰው በሚገባ የታቀደ ጥናት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥናት ስለሌለ ፍርድ ቤቱ በዳኑ ሰዎች ወሬ ተመርኩዞ ያድናልም አያድንምም አይልም፤ የዳኛዋ ቃል ጭብጡ ይህ ነው። በእኔ ግምት በዚያ መዝገብ ውስጥ ከፍርዱ ይልቅ የሚበልጠው ይኸው አልፈርድም ማለታቸው ነው።

ጥናቶቹም መጡ። በ1995 በአሜሪካ የወጣው ሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት ያለባቸውን ሰዎች ከሁለት ከፍሎ ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን አሚትሪፕቲሊን በሚባለው ክኒን አከመ። በሕክምናው ወቅት ሁለቱም ተሻላቸው፤ ከቆመ ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ክኒን የወሰዱት ወደ ሕመማቸው ሲመለሱ በእጅ የታከሙት ሽረታቸው ጸናላቸው። ደስ ያሰኛል። ይሁንና በ1998 ዴንማርክ ውስጥ 75 ሰዎች ላይ የተደረገው፣ ሁለቱንም ወገን ጡንቻቸውን አሽቶ፣ ለአንደኛው ብቻ አንገቱን አስተካከለ። ልዩነት አልተገኘም። ገመዱ ወይስ እንቅልፉ? በዚህኛው መልሱ ወደ እንቅልፉ አደላ።

ማይግሬንን በሚመለከት በብዙ ጥንቃቄ የተሠራው በ2017 የታተመው የኖርዌይ ጥናት ነው። 104 ሕሙማን በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፦ እውነተኛ የአንገት ሕክምና፣ አንገት የማይነካ የይስሙላ ሕክምናና የተለመደው መድኃኒት። የማይግሬን ቀናት በሦስቱም ቀነሱ። በእውነተኛውና በይስሙላው መካከል ግን ልዩነት አልታየም። አጥኚዎቹ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ካይሮፕራክተሮች ሲሆኑ፣ ፋይዳው ከእምነት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው በሐቀኝነት ጻፉ። ሊመሰገኑ ይገባል። ብዙ ሰው «ማይግሬኔ ከአንገቴ ነው» የሚለው የአንገት መጨምደድ የማይግሬኑ አንዱ ምልክት፣ ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ነው፤ መንሥኤው አድርጎ ያየዋል።

ለሻስታዱ የአንገት ራስ ምታት ውጤቱ ይሻላል። በ2018 በአሜሪካ 256 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 18 ጊዜ የታከሙት በወር የሚያማቸው ቀን ከ16 ወደ 8 ገደማ እንደወረደ አሳይቷል። አንገታቸው ሳይስተካከል ቀላል ማሸት ብቻ ለተደረገላቸው ቅናሹ ከዚያ ያነሰ ነበር። ከመቶ 95 የተነሣው ሰፊ ተስፋ መቶ ዓመት ተጉዞ እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ደረሰ።

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በአንገት በኩል ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ቧንቧዎች ያልፋሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ግድግዳቸው ሊቀደድና ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሠጋ ብርቅ አደጋ አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ ሁለቱ አብረው መታየታቸው ቢታወቅም አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑ እንዳልተረጋገጠ፣ ቢሆንም ታካሚው አንገቱን ከመስጠቱ በፊት ሊነገረው እንደሚገባ ገልጿል። ማረጋገጡን የሚያስቸግረው ቧንቧው የተቀደደበት ሰው የመጀመሪያ ሕመሙ ራስ ምታትና የአንገት ሕመም መሆኑ ነው፤ ወደ ካይሮፕራክተር የወሰደውም ይኸው ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ በድንገት የጀመረ፣ ከአንገት ሕመም ጋር የመጣ ራስ ምታት የያዘው ሰው፣ አንገቱን ለማንም እጅ ከመስጠቱ በፊት ሐኪም ዘንድ መታየት አለበት።