የድሃ ልጆች ጥርስ በባለጠጎች አፍ

የሀገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። በ18ኛው ምዕተ ዓመት አውሮጳ ግን ይህ አባባል ቃል በቃል ተፈጽሟል። ከድሃ ልጅ ድድ የተነቀለ ጥርስ በባለጠጋ አፍ ውስጥ ይተከል ነበር።

የነገሩ አንዱ መንሥኤ ስኳር ነው። በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ያመርቱት የነበረው ስኳር በእንግሊዝ ባለጸጎች ገበታ ላይ በረከተ። ጥርሳቸውም በሰበሰ። ጣፋጭ ነገር እምብዛም ያልቀመሰው የድሃ ልጅ ጥርስ በአንጻሩ ጤናማ ሆኖ ቆየ፤ ስለዚህም ዋጋ ወጣለት።

ለዚህ ንግድ የሳይንስ ሞገስ ያላበሰው እውቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር (1728–1793) ነበር። ሀንተር የሰውን ጥርስ በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ውስጥ ቢተክለው ተጣብቆ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1771 እና በ1778 ስለ ጥርስ ባሳተማቸው ሥራዎቹም የጥርስ ዝውውርን ደገፈ። የሚመረጠው የወጣት ጥርስ መሆኑን፣ የአንዱ ልክ ባይሆን የሌላው እንዲሞከር ብዙ ሰዎች ተዘጋጅተው መጠበቅ እንዳለባቸው መከረ።

አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የባለጠጋውን የተበላሸ ጥርስ ይነቅላል። ወዲያውም በአጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ አፍ ጤናማውን ይነቅልና ደሙ ሳይደርቅ በክፍተቱ ይተክለዋል፤ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ጋርም በክር ያስረዋል። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ሆሬስ ዌልስ በሚያስቅ ጋዝ ደንዝዞ የገዛ ጥርሱን ያስነቀለው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ልጁ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ይሰናበታል። የወተት ጥርስ ሲወልቅ ተተኪ አለው፤ ሁለተኛው ጥርስ ግን ወራሽ የለውም። እንግዲህ ልጁ የሸጠው የዕድሜ ልክ ሀብቱን ነበር።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶማስ ሮውላንድሰን ይህን ግፍ እ.ኤ.አ. በ1787 በምፀት ሥዕሉ አጋልጦታል። በሥዕሉ መካከል ጥላሸት የለበሰ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ከባለጸጎች ጋር ተቀምጦ ጥርሱ ሲነቀል ይታያል። በበሩ በኩል ቡትቶ የለበሱ ልጆች ተሽጠው ያበቁትን አፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። በሥዕሉ ውስጥ ደግሞ ለሕያው ጥርስ ከፍተኛ ዋጋ እንደሚከፈል የሚያበሥር ማስታወቂያ ተለጥፏል። በማግሥቱ ዓመት በ1788 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጆችን ዝቅተኛ ዕድሜ ስምንት ዓመት አደረገ፤ ይህ እንደ ርኅራኄ የተቆጠረበት ዘመን ነበር።

ዝውውሩ የቆመው ግን በርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ከሌላ ሰው የተተከለ ጥርስ ሥሩ እየሟሟ ይወድቃል፤ ቂጥኝን የመሰለ በሽታም ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል የሚለው ሥጋት ባለጠጎችን አስደነገጠ። ከዚያም የሸክላ ጥርስ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። በመሀሉም እ.ኤ.አ. ከ1815ቱ የዋተርሉ ጦርነት በኋላ ከሞቱ ወታደሮች የተነቀለ ጥርስ ለሰው ሠራሽ መንጋጋ ውሏል።

ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመውና በአማርኛ «መከረኞቹ» ተብሎ በሚታወቀው ልቦለዱ ይህን ቁስል እንደገና ነካው። ፋንቲን ልጇ ታማለች ተብላ ሁለት የፊት ጥርሶቿን በ40 ፍራንክ ትሸጣለች። ሕመሙ ገንዘብ ለመንጠቅ የተፈጠረ ውሸት ነበር።

ሠዓሊውም ደራሲውም ያዩት አንድ እውነት አለ። ሻጩን እጁን የፊጥኝ ያሰረው ማንም የለም፤ ገንዘቡም ተቆጥሮ ተሰጥቶታል። በገበያ ሕግ ውሉ የተሟላ ነው። ይሁን እንጂ ልጁን ከዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ረኀብ ነበር፤ ረኀብ የፈረመውን ውል ነፃ ፈቃድ ብሎ መጥራት ደግሞ ከጥርሱ በኋላ ቃሉንም መንጠቅ ነው።