የጨዋታ ዕቃ እንዴት የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ?

ኮምፒውተሩን ለጌም ሊያሻሽል የተነሳ ሰው ፕሮሰሰሩንና ራሙን መርጦ ሲያበቃ ግራፊክስ ካርዱ ዋጋ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። «ለመጫወቻ ይህን ያህል ገንዘብ?» ያሰኛል። መልሱ ያለው በካርዱ ታሪክ ውስጥ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ገበያውን የያዘው ቩዱ የተሰኘውን ቺፕ የሠራው ስሪዲኤፍኤክስ ነበር። ቺፑን ለካርድ አምራቾች እየሸጠ አደገ። ኋላ ግን ኤስቲቢ የተባለውን አምራች ገዝቶ ካርዱን ራሱ ማምረት ጀመረ። የትናንት ደንበኞቹ ተፎካካሪ ሆኑበት፤ ፊታቸውንም ወደ ሌላ ቺፕ አዞሩ። በ2000 መጨረሻ ዋና ንብረቱን ለመግዛት የተስማማው በ1993 የተመሠረተው ተቀናቃኙ ኤንቪዲያ ነው።

ግራፊክስ ካርድ እጅግ ብዙ ትንንሽ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ኤንቪዲያ በ2006 ኩዳን ሲያስተዋውቅ ይህ ጉልበት ከጌም ውጭ ላለ ሥራም ተከፈተ። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሌክስኔት የተባለውን ምስል ለይቶ የሚያውቅ ሥርዓት ያሠለጠኑት በሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነበር። ካርዶቹ ለተጫዋች የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ረዘመ። በ2020 አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር ቢታወጅም በዚያ ዋጋ የሚያገኘው ጥቂት ነበር። ኢቴሪየም በመስከረም 2022 ማይኒንግን እስኪተው ድረስ የክሪፕቶ ሰዎችም ካርዱን ይሻሙ ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ ዋሽንግተን ለቻይና በጣለችው የቺፕ ገደብ ውስጥ አርቲኤክስ 4090ን አስገባች። ልጆች የጦርነት ጌም የሚጫወቱበት ካርድ የሁለት ኃያላን መፋጠጫ ሆነ።

የኢንዱስትሪውን የመጀመሪያ ዓመታት በኪሱ የሸፈነው ተጫዋቹ ነው። ዛሬ ግን ትልቁ ደንበኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል ነው፤ ተጫዋቹ የሰልፉ ጫፍ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ መግዣው ስሌት መቀየር አለበት። መነሻው የወጣው አዲስ ካርድ ሳይሆን የእርስዎ ስክሪን ይሁን። ለ1080ፒ ስክሪን ውዱን ካርድ መግዛት ለሌሎች ሽሚያ መክፈል ነው። አርቲኤክስ 4090 ብቻውን እስከ 450 ዋት ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላዩንና የኬዙን ስፋት ሳይለኩ መግዛት «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሰኛል። የካርዱን ዋጋ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። የሚበቃንን መወሰን ግን ገና በእጃችን ነው።