ሁለቱ አስማዎች፦ ዲን የሴቷን ቦታ ሲለውጥ፣ ሴቷም ዲኑን ስታደርስ



ጊዜው 7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የኸይበር ዘመቻ ሰሞን ነው። ከሐበሻ በመርከብ የተመለሱት ሙሃጂሮች መዲና ገብተዋል። ከእነሱ አንዷ የጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ናት። ለዓመታት በስደት የኖረችው እኛ አገር ነው። ልጆቿን ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችውም እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነው።

አንድ ቀን የሙእሚኖች እናት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትዘይር ሄደች። እዚያው ተቀምጣ ሳለ የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ገባና ማን እንደሆነች ጠየቀ። አስማእ መሆኗ ሲነገረው፣ ያቺ ከሐበሻ የመጣችው፣ ባሕር የተሻገረችው ናት ወይ አለ። ቀጥሎም እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋልና ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን የሚል ንግግር ተናገረ።

አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሏችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሯችሁ ነበር፤ እኛ ግን ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል በሩቅ ባዕድ አገር በፍርሃትና በእንግልት ነበርን ብላ መለሰችለት። ጉዳዩን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስክትነግራቸው ድረስም እህል ውኃ ላትቀምስ ማለች። ሄዳ ነገረቻቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ለእሷ ፈረዱላት። ዑመርና ጓደኞቹ ያላቸው አንድ ሒጅራ ሲሆን፣ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ገለጹ።

ይህ ታሪክ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ የተዘገበ ነው። ብዙ ጊዜ ሲነገር ግን መጨረሻው ይዘለላል። ከዚያ በኋላ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ሌሎች የመርከቧ ተጓዦች በቡድን በቡድን እየመጡ ሐዲሱን ከአስማእ አፍ ይሰሙ ነበር። አቡ ሙሳማ ደጋግማ እንድትነግረው ይጠይቃት ነበር። ወንዶቹ ሶሐቦች ስለ ራሳቸው ክብር የተነገረውን የሰሙት ከአንዲት ሴት ነው።

ስለ ኢስላምና ስለ ሴት እኩልነት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው ዲኑ ለሴት ምን ሰጠ የሚለውን ብቻ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሴቶች ለዲኑ ምን አደረጉ የሚለው ነው። ታሪኩን በሁለቱም በኩል ስናየው አንድ ነገር እናገኛለን፦ ሴቷ ዒልሙን ራሷ በያዘችበት ዘመንና ቦታ ዲኑ የሰጣት መብት በእጇ ይገባል። ዒልሙ ከእጇ በወጣበት ቦታ ደግሞ መብቱ ኪታብ ላይ ይቀራል፤ ሜዳውን ባህል ይይዘዋል።

*ጠያቂዎቹ ሴቶች*

ዑመር (ረ.ዐ) ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በጃሂሊያ ዘመን ለሴቶች ቦታ አይሰጧቸውም ነበር፤ ኢስላም መጥቶ አላህ ስለ እነሱ ሲያወሳ ግን በወንዶቹ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ተረዱ። ይህ ለውጥ ግን ሴቶቹ ዝም ብለው ተቀምጠው የመጣ አልነበረም።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሴቶች እንደ ወንዶቹ በቁርኣን ለምን አይወሱም ብላ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መጠየቋ ተዘግቧል። የሱረቱል አሕዛብ 35ኛው አንቀጽ ሙስሊም ወንዶችንና ሙስሊም ሴቶችን ጎን ለጎን እየጠራ የወረደው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። በሑደይቢያ ቀንም ሶሐቦች በስምምነቱ አዝነው ትእዛዝ ለመፈጸም ባመነቱ ጊዜ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መፍትሔ ያማከረችው እሷ ናት። ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው ራሳቸው እርዳቸውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ አለቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ ሰዉም ተከተላቸው።

የሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕን (ረ.ዐ) ባለቤትም እናስታውስ። ባሏ ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሆኖ ሁለት ሴት ልጆች ትቶላት ነበር። የባሏ ወንድም በጃሂሊያው ልማድ ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ልጆቿን ይዛ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርባ አቤት አለች። የውርስ አንቀጽ ወረደ። አጎትየው ተጠራና ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የቀረው ብቻ ለእሱ ሆነ። ዛሬ ዑለማዎች የሚያስተምሩት የሚራስ ዒልም ሲነሳ የዚህች እናት አቤቱታ አብሮ ይነሳል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው የነጃሺ ታሪክ አለ፦ ጀዕፈር በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ሱረቱ መርየምን ሲቀራ፣ ነጃሺ ሲያለቅሱ። ይህ ታሪክ በሲራ ኪታቦች በዝርዝር የደረሰን በማን በኩል ነው? በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በኩል። ከሙሃጂሮቹ አንዷ ነበረችና ያየችውንና የሰማችውን ተረከች። በእኛ አገር ታሪክ እጅግ የምንኮራበት ምዕራፍ በሴት አንደበት የተጠበቀ ነው።

*ባህል ተመልሶ ሲመጣ*

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሊዘጋ የተሞከረው ብዙ ሳይቆይ ነው። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ሴቶችን ከመስጂድ እንዳትከለክሉ የሚለውን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ሲያስተላልፍ የገዛ ልጁ ቢላል እኛ ግን እንከለክላቸዋለን አለ። ኢብን ዑመር ተቆጣ። ከዚያ በፊት ተሰምቶበት በማያውቅ ኃይለ ቃል ገሰጸው። የሶሐባው ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ትውልድ!

እርግጥ በዚህ ጉዳይ ሌላ ስጋትም ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ሴቶች ያመጡትን ነገር አይተው ቢሆን ኖሮ ይከለክሏቸው ነበር ማለቷ ተዘግቧል፤ ፉቀሃዎችም ሁለቱን ዘገባዎች እያመዛዘኑ ተወያይተዋል። ልብ በሉ፣ በክርክሩ በሌላኛው ወገን የምትጠቀሰውም ሴት ናት። የሴቶቹ ጉዳይ ሴት ዓሊም ሳትኖርበት የሚወሰን አልነበረም።

በቀጣዮቹ ዘመናት የሴቶች ተሳትፎ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ብሏል። ሐዲስ ለመሰብሰብ ከአገር አገር መዞር ግድ ሲሆን የሴቶቹ ቁጥር ቀነሰ። ኪታቦቹ ተጽፈው ሲጠናቀቁና ማስተማሩ በየከተማው ሲደራጅ ደግሞ እንደገና ጨመረ።

በ463 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ያረፈችውን ከሪማ አል-መርወዚያን ውሰዱ። መካ ላይ ሰሒሕ አል-ቡኻሪን ታስተምር ነበር። ታላቁ የታሪክና የሐዲስ ሊቅ ኸጢብ አል-በግዳዲ ለሐጅ በሄደ ጊዜ ቡኻሪን እሷ ዘንድ ቀርቷል። ተማሪ የገለበጠውን ቅጂ ከእሷ ጋር ሳያመሳክር እንዲሄድ አትፈቅድም ነበር።

በ6ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የነበረችው ፋጢማ አስ-ሰመርቀንዲ ደግሞ የሐነፊ መዝሀብ ፈቂህ ነበረች። አባቷ የጻፈውን ቱሕፋ የተባለ የፊቅህ ኪታብ በቃሏ ታውቅ ነበር። የአባቷ ተማሪ አል-ካሳኒ ያንን ኪታብ አብራርቶ በዳኢዑስ ሰናኢዕን ጻፈ፤ ሥራውም መህሯ ሆነ። ከቤታቸው የሚወጣው ፈትዋ የእሷን፣ የአባቷንና የባሏን ፊርማ ይይዝ ነበር። ባሏ ሲሳሳት ታርመው እንደነበርም ተጽፏል።

ደማስቆ ውስጥ በ740 ዓመተ ሒጅራ ያረፈችው ዘይነብ ቢንት አል-ከማል ዘጠና ዓመት በዘለለ ዕድሜዋ ሐዲስ ስታስተምር ኖራለች። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሴት መምህራን ነበሩት። የእሱ ተማሪ አስ-ሰኻዊ በዘመኑ ስለነበሩ ታዋቂ ሰዎች በጻፈው ኪታብ የመጨረሻውን ጥራዝ ለሴቶች ሰጥቶ ከ1,000 በላይ ሴቶችን ዘርዝሯል። በእኛ ዘመን ሕንዳዊው ሸይኽ ሙሐመድ አክረም ነድዊ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው የሙሐዲሳት መዝገብ 43 ጥራዝ ነው፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶችን ይዟል። ሰውየው ሥራውን ሲጀምር የጠበቀው አንዲት ትንሽ ኪታብ ነበር።

ከ10ኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ቁጥሩ እንደገና አሽቆለቆለ። በብዙ አገሮች የሴት ልጅ ቂርአት ከጥቂት ሱራዎች እንዳያልፍ ሆነ። ከጊዜ በኋላም ያ ሁኔታ ራሱ ዲን መሰለ።

*ሁለተኛዋ አስማእ*

አሁን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሂድ። በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ ሸይኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ የተባለ የቃዲሪያ ዓሊም ተነሳ። በዘመኑ በነበሩ ዑለማዎች ላይ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ይህ ነበር፦ ተማሪዎቻቸውን ጠዋት ማታ እያስቀሩ ሚስቶቻቸውንና ሴት ልጆቻቸውን ግን በጅህልና ውስጥ እንደ እንስሳ ትተዋቸዋል። ባሏ የማያስተምራት ሴት ግዴታ የሆነባትን ዒልም ፍለጋ መውጣት እንዳለባትም አስተማረ። ሴቶች በደርሱ ላይ በመገኘታቸው ትችት ሲመጣበት ወንድሙ ዐብዱላሂ መልስ ጻፈ። ሐሳቡ ሴቶችን በጅህልና መተው ከተፈራው ነገር የባሰ ጥፋት ነው የሚል ነበር።

በዚህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1793 መንታ ልጆች ተወለዱ፤ ወንዱ ሐሰን፣ ሴቷ አስማእ። ስሟ የተወሰደው ከአቡበክር ልጅ ከአስማእ (ረ.ዐ) እንደሆነ ይነገራል። በዓለም የምትታወቀው ናና አስማኡ በሚል ነው። ዐረብኛ፣ ፉልፉልዴ፣ ሐውሳና ተማሸቅ ታውቅ ነበር። ባሏ ጊዳዶ የወንድሟ የሱልጣን ሙሐመድ ቤሎ ዋና አማካሪ፣ ማለትም ወዚር ነበር።

ናና አስማኡ ያየችው ችግር ግልጽ ነበር። በጦርነት ከተለወጠው አገር የገጠር ሴቶች ዲኑን የሚያውቁት በስም ነው። ወደ ከተማ መጥተው እንዳይማሩ ልጅ፣ ማሳና ርቀት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ያን ታሩ የሚባል የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። ልጅ ማሳደጉን የጨረሱ እናቶችና ያላገቡ ልጃገረዶች ጃጂ በምትባል መሪ እየተመሩ ወደ ሶኮቶ ይመጣሉ። ከእሷ ዘንድ ተምረው ይመለሱና መውጣት ላልቻሉት በየቤታቸው ያስተምራሉ።

መጽሐፍ ማባዛት በማይቻልበት ዘመን ትምህርቱን የምታስተላልፈው በግጥም ነበር። ተውሒዱን፣ ሶላቱን፣ ሲራውንና የቀደምት ሷሊሕ ሴቶችን ስም ሴቶቹ በቃላቸው እንዲይዙት አድርጋ በአገሬው ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል ጻፈችው። የወሎን መንዙማና የዐጀሚ ጽሑፍ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ለጃጂዎቹ የምትሰጣቸው ከሣር የተሠራ ባርኔጣ ደግሞ ቀድሞ በአካባቢው የመናፍስት አምልኮ የምትመራ ሴት ምልክት ነበር። አስማኡ ባርኔጣውን አልከለከለችም፤ ለሙስሊም መምህርት ሰጠችው። ከ60 በላይ ሥራዎችን ትታ እ.ኤ.አ. በ1864 አረፈች። ያን ታሩ ግን ዛሬም በናይጄሪያ አለ።

ታሪክ ስንጽፍ ጎደሎውንም መናገር አማና ነው። የሶኮቶ መንግሥት በጦርነት የተማረኩ ሰዎችን በባርነት የያዘ መንግሥት ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ናና አስማኡ የዘመኗ ሰው ናት። ሆኖም ከዘመኗ የሚበልጥ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፦ ሴቷ ዲኗን ከሌላ ሴት፣ በራሷ ቋንቋ፣ ከኪታብ ስትማር የባህል እስረኛ አትሆንም።

*እኛስ?*

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለኩራት ብቻ እንዲሆን አይደለም። ኩራት ብቻ ከሆነ ጎድቶናል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር ነው። አባት ይሞታል፣ ወንድሞች ንብረቱን ይይዛሉ። እህት ድርሻዬ ብትል "ከወንድሞቿ ጋር ተካሰሰች" ይባላል። ትታ ከወጣች ጨዋ ናት። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ ነው አይደለም እያልን ስንከራከር እሷ ባዶ እጇን ወጥታለች። ሸሪዓውም ሕጉም ለእሷ ድርሻ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 በውርስ ለሴቶች እኩል መብት ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የውርስ ጉዳይን ያያሉ፤ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነው። ለመፍቀድም ሆነ ለመከልከል ማወቅ ያስፈልጋል። የማታውቅ ሴት ሁለቱም በሮች ፊት ለፊቷ እያሉ ለልማዱ ትተወዋለች።

ኒካሕ ላይም እንዲሁ ነው። መህሩ የሙሽራዋ ሐቅ ነው። ስንቷ ሙሽራ ግን መጠኑን ከሌላ ሰው ትሰማለች? የኒካሕ ውሏን አንብባ የፈረመችስ? መስጂዳችን ሲታደስ የሴቶቹ ክፍል መጨረሻ የሚታሰብ፣ ድምፅ ማጉያው የማይደርስበት ጓዳ የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ይህ ከቁርኣን አልመጣም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህትህ የሚራስ ድርሻዋን ስትጠይቅ የሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕን ሚስት አስታውስ፤ አንተ የአጎትየውን ቦታ አትያዝ። እህቴ፣ አንቺም ፊቅህ ለወንዶች ነው ብለሽ አትተዪው። በሠፈርሽ የሴቶች ደርስ ካለ ግቢ፤ ከሌለ ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ጀምሪ፤ የኒካሕ፣ የፍቺና የውርስን ክፍል ከምታምኛት ኡስታዛ ዘንድ ቅሪ። የመስጂድ ኮሚቴ አባላት ካነበባችሁም፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የሴቶቹን ክፍል መጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት።

አስማእ ቢንት ዑመይስ ያን ቀን በሐፍሷ ቤት ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ የሐበሻ ሙሃጂሮች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው በምን እናውቅ ነበር?

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ ሐቅን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።