ርችት ተኳሹና የቀብድ ነገር

ልብስ ሰፊ ሒሳቡ ካልተከፈለው ልብሱን ይዞ ይቀመጣል። አናጢም አልጋውን አይለቅም። ርችት ተኳሽስ ምን ይይዛል? ሥራው ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው የባሩድ ሽታና የተቃጠለ ካርቶን ነው። ባለ ሠርጉ "ነገ ና" ቢለው ርችቱን ከሰማይ አውርዶ አይወስደው! ስለዚህ ገና ሲታዘዝ "ቀብድ" ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ስለዚህ ቀብድ ስለሚባል ነገር ልናወራ ነው።

መጀመሪያ ወደ ለንደን። እ.ኤ.አ. በ1748 የአውሮፓ መንግሥታት በኤክስ ላ ሻፔል ሰላም ተፈራረሙ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅም ሰላሙን በርችት ሊያከብር ፈለገ። ሰርቫንዶኒ የተባለ የቲያትር መድረክ ሠሪ በግሪን ፓርክ ቤተ መንግሥት የሚያህል የእንጨትና የሸራ ሕንፃ ለወራት አስገነባ። ርችቱን ጣሊያናውያኑ ሩጂየሪና ሳርቲ አዘጋጁ፤ ሙዚቃውን ሄንደል ደረሰ። ኤፕሪል 27 ቀን 1749 ምሽት ሲደርስ ግን ዝናቡ ጣለ፤ ይባስ ብሎ የሕንፃው አንድ ክንፍ በእሳት ተያያዘ። ሰርቫንዶኒ በንዴት የርችቱ የበላይ ኃላፊ በነበረው በቻርልስ ፍሬድሪክ ላይ ሰይፍ መዘዘና ታሰረ። ሳይተኮስ የተረፈውን ርችት የሪችመንድ መስፍን ገዝቶ ሜይ 15 ቀን በቴምዝ ወንዝ ዳር አስተኮሰው።

ልብ በሉ፤ የዚህ ሥራ ወጪ የሚወጣው አንድም ርችት ከመለኮሱ በፊት ነው። አዛዡ ንጉሥ ባይሆንና በዋዜማው "ሐሳቤን ቀይሬአለሁ" ቢልስ? ለተረፈ ርችት ሁልጊዜ መስፍን አይገኝም።

ለዚህ ጭንቀት የሰው ልጅ መላ የመታው ርችት ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ጠቦቱን እስኪልክላት ድረስ ለትዕማር ማኅተሙን፣ ፈትሉንና በትሩን አስያዘ። ይህን መያዣ ዕብራይስጡ "ኤራቦን" ይለዋል። ቃሉ ወደ ግሪክ ተሻግሮ "አራቦን"፣ ወደ ላቲን ገብቶ "አራ" ሆነ። ለኢንሹራንስ የምንከፍለው "አረቦን"ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። (ርችት ተኳሹ ሁለቱንም ዘመዳሞች ሳይፈልግ አይቀርም፤ ቀብዱን ከደንበኛው፣ አረቦኑን ከራሱ ኪስ!)

ነገሩን በሕግ ያሰረው ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ነው። በ533 ለሕግ ተማሪዎች ባወጣው መጽሐፍ፣ ገዢ ከውሉ ካፈገፈገ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ካፈገፈገ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። የ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ቃል ኪዳን ሲደነግግ ይህንኑ ሚዛን ያዘ። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣም ሚዛኑ በአንቀጽ 1885 ለማናቸውም ውል ተቀምጦ እናገኘዋለን።

እኛን የሚያስገርመን ግማሹ ሕግ በሰው አፍ መቅረቱ ነው። "ቀብድ አይመለስም" የማይል የለም። "የተቀበለ ካፈረሰ እጥፉን ይከፍላል" የሚለውን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው። ለሠርግዎ ርችት 10,000 ብር ቀብድ ሰጥተው ሠርጉ ቢቀር 10,000ው ቀረ። ተኳሹ የተሻለ ከፋይ አግኝቶ እርስዎን ቢተውዎ ግን 20,000 ይዞ መምጣት አለበት። ውሉ እንደ ቃሉ ከተፈጸመ ደግሞ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል፤ አንቀጽ 1884 ነው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠቱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኙን አይጣሉት።

የግሪን ፓርኩን ዝናብ በተመለከተ ግን ሦስቱ የቀብድ አንቀጾች አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ምሽቱ ቢዘንብ ርችቱ በሌላ ቀን ይተኮስ እንደሆነ፣ የድጋሚውንም ወጪ ማን እንደሚችለው፣ ቀብዱ በሚሰጥበት ዕለት ውሉ ላይ ማስፈር ነው።