የለንደኑ እባብ የዋጠው ብርድ ልብስ

የድሮ ተማሪዬ፣ የሶዶ ልጅ፣ አሁን ባለበት አሜሪካ «ቦል ፓይተን» የሚሉትን ትንሽ የአፍሪካ ዘንዶ ሊያሳድግ የመስታወት ቤት እየሠራ ነው። «ቲቸር፣ ብርድ እንዳይመታው ብርድ ልብስ ላንጥፍለት?» ብሎ ጻፈልኝ። ወዳጆቼ፣ የታሪክ አስተማሪ ሲጠየቅ የሚመልሰው በታሪክ ነው።

የለንደን መካነ እንስሳት የተሳቢ እንስሳት ቤቱን የከፈተው በ1849 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለእባቦቹም ብርድ ልብስ ይሰጧቸው ነበር። በ1851 አንዱ ትልቅ እባብ ብርድ ልብሱን ዋጠው! ከወር በላይ ሆዱ ውስጥ አቆይቶ ተፋው። ደግነቱ አልሞተም።

ብርድ ልብስ'ኮ የራሱ ሙቀት ላለው ፍጡር ነው፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዝለታል። እባብ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። (በ1841 ፓሪስ ውስጥ ቫለንሲየን የተባለ ተመራማሪ እንቁላሏን የታቀፈች የእስያ ዘንዶ ለክቶ ከአካባቢዋ አየር ይልቅ ሞቃ አግኝቷታል። እሷ ግን ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች፣ ለእንቁላሎቿ ስትል ነው።)

ከሶዶ ወደ አባያ ስንወርድ ሹራብ እናወልቅ የለ? በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር ያለው ዘንዶም እንደዚያው ነው፦ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ሲበዛበት ጥላ ወይም ውኃ ይገባል። ስለዚህ ልጄ፣ የቤቱን አንዱን ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ አድርገው፣ ሌላውን 26 አካባቢ፤ በሁለቱም በኩል መደበቂያ አስቀምጥ። ማሞቂያውን ያለ ቴርሞስታት እንዳትሰካው። እባብ የጋለ ነገር ላይ ተኝቶ ሆዱ እስኪቃጠል ላይነሳ ይችላል። ዘንዶውን ከማምጣትህ በፊት ባዶውን ቤት ጥቂት ቀን አሙቀህ በቴርሞሜትር ለካ፤ ሌሊትም ጭምር።