መስመሩ የቀረበበት፣ ዋጋው የራቀበት የካምፓላ ኢንተርኔት

ቡኮቶ በዩጋንዳ መዲና በካምፓላ፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የባሕር በር የሌላት ዩጋንዳ ከዓለም የኢንተርኔት መረብ ጋር የምትገናኘው በዋናነት በኬንያ በኩል፣ ሞምባሳ በሚደርሱት የባሕር ሥር ገመዶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ገመዶች ሞምባሳ የደረሱት እአአ በ2009 ነበር። ጎግል ደግሞ በ2013 በካምፓላ ከተማ የፋይበር መስመር ዝርጋታውን ይፋ አድርጎ፣ ለአገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች በጅምላ ማከራየት ጀመረ።

ሆኖም የመስመሩ መዘርጋት ብቻውን ተጠቃሚውን ከአገልግሎቱ አላገናኘም። መንግሥት ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ፌስቡክና ዋትስአፕን በመሳሰሉ መገናኛዎች በሚጠቀም ሰው ላይ በቀን 200 የዩጋንዳ ሽልንግ ግብር ጣለ። ፕሬዝዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ግብሩን ሲደግፉ፣ ማኅበራዊ መገናኛዎች የሐሜት መናኸሪያ መሆናቸውን በምክንያትነት ጠቅሰው ነበር። ብዙዎች ግን ቪፒኤን በመጠቀም ግብሩን ሸሹ። በመጀመሪያው ዓመት 284 ቢሊዮን ሽልንግ ይገኛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የተሰበሰበው 50 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም።

ዕለታዊው ግብር በሐምሌ 2021 ቀርቶ፣ በኢንተርኔት ዳታ ላይ የ12 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ተተካ። ለትምህርትና ለሕክምና የሚውል ዳታ ከታክሱ ነፃ ነው። ለሌላው ተጠቃሚ ግን አዲሱን ታክስ መሸሽ አይቻልም፤ ዳታ ሲገዛ ከዋጋው ጋር አብሮ ይከፈላልና።

ከዋጋው ሌላ የአገልግሎቱ አስተማማኝነትም ጥያቄ ውስጥ ነው። በጥር 2021 ምርጫ ዋዜማ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ለቀናት ቆይቷል። መስመሩ በቡኮቶ ደጃፍ ቢያልፍም፣ ማን፣ መቼና በምን ዋጋ እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ፖሊሲው ነው።